ነገርን ቀስ አድርጎ ማክረር፦ ረጅም ልቦለድ ለሚጽፉ የአሠራር መመሪያ

ከጀማሪ ጸሐፊዎች የሚደርሱኝ ረቂቆች ብዙዎቹ በጥይት ይጀምራሉ። ገጽ አንድ ላይ ሰው ይሞታል፤ ገጽ ሦስት ላይ ገዳዩ ይሸፍታል፤ ምዕራፍ ሁለት ላይ ደመኛው ዱካውን ይዞ ይወጣል። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ጸሐፊው ራሱ ይደክመዋል። ጥይት መጨመር ይችላል፣ ነገሩን ግን ከዚያ በላይ ማክረር አይችልም። አንባቢውም ሟቹን ስለማያውቀው አይደነግጥም፤ መንገድ ላይ ለቅሶ ገጥሞት “ነፍስ ይማር” ብሎ እንደሚያልፍ እንግዳ ነው።

ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ተቃራኒውን መንገድ ያሳያል፦ ግጭቱን ወደ መጨረሻ ገፍቶ፣ እስከዚያ ያለውን ገጽ ሁሉ ለግጭቱ ማዘጋጃ ማድረግ። ዝግ ያለ ልቦለድ የሚሰለቸው ዝግ በማለቱ አይደለም። ገጾቹ ለኋላ ምንም ሳያስቀምጡ ስለሚያልፉ ነው። በአግባቡ ከተሠራ ግን አንባቢው በዝግታው ውስጥ የሚጠፋውን ነገር ይወዳል፣ የሚመጣውን ደግሞ ይፈራል። ያን ጊዜ አንዲት ዱላ ከመቶ ጥይት በላይ ትሰማለች።

ለማሳያ የሚሆን ታሪክ ለዚሁ ጽሑፍ ፈጥሬአለሁ። ቦታው ቢቸና አካባቢ፣ ምድሩ ወደ ዓባይ በረሃ ማዘንበል ከመጀመሩ በፊት ያለ የጤፍ አገር ነው። ጊዜው 1960 ዓ.ም.። እንየው አባቱ በልጅነቱ የሞተበት ወጣት ነው፤ ከእናቱ ጋር ይኖራል። ማሳው ከአያ ጥሩነህ ማሳ ጋር በአንድ የወሰን ድንጋይ ይለያል። አያ ጥሩነህ የአባቱ ያጎት ልጅ ናቸው። እኒህ ሰው ድንበር ይገፋሉ። በዘር ቀን ዱላ ይነሣል፣ እንየውም ወደ በረሃ ይወርዳል። በሁለት ደቂቃ ተነግሮ የሚያልቅ፣ ጎጃም ውስጥ ሰው ሁሉ ሰምቶት የሚያውቀው ዓይነት ነገር ነው። ልቦለድ የሚያደርገው አካሄዱ ነው።

1. መጨረሻውን አስቀድማችሁ ጻፉ

የዱላውን ትዕይንት ከሁሉ በፊት በአንድ ገጽ ጻፉት። ባያምርም ግድ የለም። ከሥሩ አንድ ጥያቄ አስከትሉ፦ ይህች ገጽ አንባቢውን እንድታመው፣ እዚህ ከመድረሱ በፊት ምን ማወቅ አለበት?

ለእኛ ታሪክ መልሱ እንዲህ ይመጣል። አያ ጥሩነህ ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንዲያውም አባቱ የሞተበትን ልጅ ዕርፍ ያስጨበጡት እሳቸው ናቸው። ሦስት ወንዶች ልጆች አሏቸው፣ ርስቱ ለሦስት ሲካፈል ለአንዱም እንደማይበቃ ያውቃሉ። የእንየው እናት በአንድ ክፉ ዓመት ከእሳቸው ጎተራ እህል ተበድራ ነው ልጇን ያሳደገችው፤ ስለዚህ አፏን ሞልታ መናገር አትችልም። ድንጋዩ ድሮ የት እንደነበረ በእርግጠኝነት የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ ዓይኗ የደከመ አሮጊት ናት፣ ሌላው የአያ ጥሩነህ አበልጅ ነው። እንየው ደግሞ በሽማግሌ የሚተማመን ልጅ ነው።

ይህን ዝርዝር ከጻፋችሁበት ወረቀት አትለዩ። ከዝርዝሩ ውጪ የሆነ ትዕይንት ልቦለዱ ውስጥ ለመግባት ሲመጣ ምክንያቱን ይጠየቅ።

“የዛሬ አንባቢ ትዕግሥት የለውም” የሚል ክርክር ሁልጊዜ ይነሣል። አልቀበለውም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ “ፍቅር እስከ መቃብር”፣ እዚሁ ጎጃም ላይ የቆመ ልቦለድ፣ ከፍቅሩ በፊት የበዛብህን ወላጆች የቦጋለ መብራቱንና የውድነሽ በጣሙን ኑሮ ማንኩሳ ላይ ተረጋግቶ ይተርካል። በዛብህ የስለት ልጅ መሆኑን ስለምናውቅ፣ ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የመጣውን ባል ሁሉ በዘር እየመዘኑ ሲመልሱ ስላየን፣ ሰብለ የአባቷን ቤት ጥላ ስትወጣ እያንዳንዱ እርምጃዋ ይከብደናል። ያን ሁሉ መግቢያ ቆርጣችሁ ከስደቱ ብትጀምሩት፣ ሁለት ወጣቶች ተፈላልገው ሳይሆንላቸው ቀረ የሚል ወሬ ብቻ ይቀራል።

2. እያንዳንዱን ነገር ሁለት ጊዜ አሳዩ

በዝርዝሩ ላይ ያለው ነገር አንድ ጊዜ በደህናው ቀን ይታይ፣ ሌላ ጊዜ ተለውጦ ይታይ። የአያ ጥሩነህ እጅ መጀመሪያ የሚታየው በትንሹ እንየው እጅ ላይ ተደርቦ ዕርፍ ሲይዝ ነው፤ መዳፉ ሻካራ ነው፣ ልጁ እንዳይደነግጥ ደግሞ ቀለል አድርጎ ነው የያዘው። ከብዙ ምዕራፍ በኋላ ያው እጅ ያንኑ ዕርፍ ይዞ ከድንጋዩ ሲያልፍ ይታያል።

ሁለቱን ትዕይንት አታያይዙለት። “ያ ትናንት ያስተማረው እጅ ዛሬ…” ብሎ የሚጽፍ ጸሐፊ አንባቢውን ከሥራ አስፈታው ማለት ነው።

3. ጊዜውን ከአዝመራው ጋር እሰሩት

መመሪያው ውስጥ ብዙ የምቆየው እዚህ ላይ ነው። ዝግ ያለ ታሪክ የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ የጊዜ ደረጃ ስለሌለው ነውና። አንባቢው በየት በኩል እየወጣ እንደሆነ ካላወቀ ዝግታው ድካም ብቻ ይሆንበታል።

የጤፍ መሬት አንዴ ታርሶ አይዘራም። ደጋግሞ ይታረሳል፣ አፈሩ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ሐምሌ ላይ ዘር ይወርዳል። የገጠር ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ይህ የተዘጋጀ ደረጃ ነው። አያ ጥሩነህ ድንበሩን በአንድ ጀምበር አይገፉም። በመጀመሪያው እርሻ በሬዎቹ ሲታጠፉ ከድንጋዩ ትንሽ ያልፋሉ፤ በሬ ነው፣ ያልፋል። በሁለተኛው እርሻ አንድ ትልም ይጨመራል። በሦስተኛው ድንጋዩ ራሱ ዘንበል ብሎ ይገኛል። በአራተኛው ድንጋዩ ቦታውን ለቋል፤ የነበረበት ጉድጓድ ግን ገና ሣር አላበቀለም።

ለእያንዳንዱ እርሻ የራሱን ምዕራፍ ስጡት፣ በመካከል ደግሞ ሌላ ኑሮ ይግባ፦ ማኅበር፣ ገበያ፣ የታመመች ላም፣ እንየው ዓይኑን የጣለባት ልጅ። ሁለተኛው እርሻ ላይ አንባቢው ማንም ሳያዘው ትልም መቁጠር ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ሥራችሁ ይቀላል። “አያ ጥሩነህ በሬዎቻቸውን ጠምደው ወጡ” የምትለዋ ተራ ዓረፍተ ነገር ብቻዋን ሰው ታስጨንቃለች። ማስጠንቀቂያ የሚመስል ሙዚቃ መጨመር አያስፈልግም፤ ነጎድጓድ፣ የጅብ ጩኸት፣ የእናት መጥፎ ሕልም ምናምን ይቅር።

የአገሩ ቀን መቁጠሪያ ለማዘግየትም እውነተኛ ምክንያት ይሰጣችኋል። እንየው በሰኔ ለሽማግሌ አቤት ቢል፣ “ጾሙ ይፈታና እንቀመጣለን” ይሉታል። የሰኔ ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፤ የጤፍ ዘር ደግሞ ሽማግሌ አይጠብቅም። ወደ አውራጃው ፍርድ ቤት ልሂድ ቢል ክረምቱ ወንዙን ሞልቶታል። እያንዳንዱ እንቅፋት ከቦታው የመጣ ነውና አንባቢው በጸሐፊው ላይ አይቆጣም፣ በክረምቱ ላይ ነው የሚቆጣው። ገጸ ባሕርዩ እንዲሁ “ነገ እነግረዋለሁ” እያለ ሦስት ምዕራፍ ከቆየ ግን የጸሐፊው እጅ ይታያል።

4. ዝግታን ከመንዛዛት ለዩ

ምዕራፉን ስትጨርሱ አንድ ነገር ጠይቁ፦ መጀመሪያው ላይ ያልነበረ አሁን ምን አለ? ትንሽ ይሁን፣ ግን ይኑር።

ሁለት ረቂቅ ላወዳድር። በአንደኛው ዝናብ ይዘንባል፣ እናት ቡና ትቆላለች፣ ጢሱ በሣሩ ክዳን በኩል ይወጣል፣ እንየው ደጃፍ ተቀምጦ ደመና የሸፈነውን የጮቄን ጫፍ ያያል። ደስ ይላል። ሲያልቅ ግን ምንም አልተነካም።

በሁለተኛው ያው ዝናብ ይዘንባል፣ እናት ጥጥ ትፈትላለች። በአጥሩ ሥር ሰው ያልፋል። በሳሉ ታውቀዋለች፤ አያ ጥሩነህ ናቸው። ሁልጊዜ ሲያልፉ “ቤቶች!” ይላሉ። ዛሬ አላሉም። እንዝርቷ ለአፍታ ትቆማለች፣ ከዚያ መሽከርከሯን ትቀጥላለች። “ማነው እማ?” ይላል እንየው። “ማንም” ትላለች።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው አይረዝምም። ነገር ግን አንድ ሰላምታ ጎድሏል፣ አንዲት እናት ልጇን መዋሸት ጀምራለች፣ አንባቢውም ልጁ የማያውቀውን አውቋል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ያዋጣል። ጸሐፊ ሁሉ ምሥጢር ደብቆ ማስደንገጥ ይወዳል፤ ድንጋጤ ግን የአንድ ገጽ ዕድሜ ነው ያላት። አንባቢው ከገጸ ባሕርዩ ቀድሞ ካወቀ ምዕራፉን ሙሉ ይጨነቃል።

የጎጃምን መልክዓ ምድር ለጎብኚ የሚያስተዋውቁ አንቀጾችንም እዚህ ላይ አውጡ። ታሪኩ ቢቸና ላይ ሆኖ ስለ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሁለት ገጽ የጻፈ ረቂቅ አይቻለሁ። ባህሉንም እንደዚያው፦ ሰንበቴ ምን እንደሆነ፣ ደቦ እንዴት እንደሚጠራ ማስረዳት ከጀመራችሁ ታሪኩ ቆሞ ትምህርት ገብቷል። ሰዎቹ ያድርጉት፣ አንባቢ ይገባዋል።

5. ሰዎቹ በቀጥታ አይናገሩ

የአገራችን ሽማግሌ ወደ ጉዳዩ በቀጥታ አይገባም። ጸሐፊዎች ይህን ለማሳጠር ይቸኩላሉ፣ ትልቁ ሀብት ግን እዚያ ነው። ከሦስተኛው እርሻ በኋላ ያለችውን እሑድ እንውሰድ። ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ተቀምጠዋል። እንየው ከጥግ ነው፤ አያ ጥሩነህ ከሽማግሌዎቹ ጎን።

“እንዴት ከረምህ ጥሩነህ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን።”

“ዝናቡ ዘንድሮ ቸኮለ።”

“ቸኮለ። ብዙው ሰው ማሳውን ሳያለሰልስ ደረሰበት።”

“ያንተ ግን ለስልሷል አሉ።”

“ሰው ካልተኛ ይለሰልሳል።”

“ሰፍቷልም አሉ።”

አያ ጥሩነህ ዋንጫውን ወደ አፋቸው ሳያደርሱት መልሰው መሬት ላይ አስቀመጡት። የምትቀዳው ልጅ እንስራዋን እንዳዘነበለች ቆመች። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ “ጾሙ ይፈታና እንቀመጣለን” አለ፣ ሌላው ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ክዳን መነጋገር ጀመረ።

“ድንበር” የሚለው ቃል አልተነሣም። “ድንጋይ” የሚለውም። እንየው ትንፍሽ አላለም። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ግን ሰምቷል። ይህን ዓይነት ንግግር ስትጽፉ መጀመሪያ ሰዎቹ በልባቸው ያለውን በግልጽ እንዲናገሩ አድርጋችሁ ጻፉ፤ “ድንበር ገፍተሃል”፣ “አልገፋሁም”። ቀጥሎ ያን ሁሉ አጥፉና በእሱ ፋንታ በዚያ ሰዓት ሊወራ የሚችለውን ተራ ወሬ አስገቡ፤ የሚነካው ነገር በሁለት ሦስት ቃል ብቻ ብቅ ይበል። ከዚያ በላይ ብቅ ካለ ጠብ ይሆናል፣ ጠቡ ደግሞ ቀኑ ገና ነው።

6. በአንቱታ ተጠቀሙ

አማርኛ ለዚህ ሥራ የሰጠን መሣሪያ አለ፣ ብዙ ጊዜም ሳንጠቀምበት ይቀራል። እንየው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አያ ጥሩነህን በአንቱታ ነው የሚያነጋግራቸው። “አያ፣ እንዴት አደሩ?” “አያ፣ በሬዎቹ አልፈው መሰለኝ፣ ቢያዩልኝ።” በሦስተኛው እርሻ፣ ተናዶም፣ “አያ፣ ይተዉ እንጂ” ነው ያለው። ቁጣው በአክብሮቱ ውስጥ ይታመቃል። አንባቢ ይህን አስቦ አያጤነውም፤ ጆሮው ግን ይለምደዋል።

ከዚያ የዘር ቀን ይመጣል። “ተው!”

ዱላው ገና አልተነሣም፤ ዝምድናው ግን በዚያች ቃል ተቆርጧል። ይህን ለማግኘት ሦስት መቶ ገጽ አንቱታ ያስፈልጋል፤ በሃያ ገጽ አይገኝም።

እንዲሠራ ሁለት ነገር ጠብቁ። በረቂቁ መካከል አንድ “አንተ” በስሕተት ካመለጠ ሁሉም ከንቱ ነው፤ ስለዚህ ጽፋችሁ ስትጨርሱ የእንየውን ንግግር ብቻ ከየምዕራፉ እየለቀማችሁ አንብቡ። ሁለተኛ፣ ተራኪው ዝም ይበል። “ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አላቸው” ብሎ ማስታወቅ የተቀባበለ ጠመንጃ ውስጥ ውኃ ማፍሰስ ነው። ተራኪው ራሱ አያ ጥሩነህን በአንቱታ ሲጠራ ከቆየ፣ ከዱላውም በኋላ እንዲሁ ይቀጥል፤ “ወደቁ” ይበል። ከ“ወደቀ” ይልቅ “ወደቁ” ያማል።

በፍቅር ታሪክም እንዲሁ ነው፣ አቅጣጫው ይገለበጣል እንጂ። ብዙ ምዕራፍ “እርስዎ” ሲባባሉ የቆዩ ሁለት ሰዎች መካከል አንዲት “አንቺ” ስታመልጥ መሳሳም አያስፈልግም።

7. አንድ ጊዜ አስታርቁ

ገመዱን ያለ ፋታ ብትስቡት አንባቢ ይደነዝዛል። ከሦስተኛው እርሻ በኋላ፣ ሰንበቴውም ካለፈ ወዲያ፣ ነገሩ የሚያበቃ ይምሰል። ገበያ ላይ የአያ ጥሩነህ ልጅና እንየው ሊደባደቡ ይያያዙ፣ ገላጋይ ይግባ፣ አያ ጥሩነህ ራሳቸው ልጃቸውን ይቆጡት። ማምሻውን ድንጋዩን ቀና ያድርጉት፣ እንየው ቤት ገብተው ከእናቱ እጅ እንጀራ ይብሉ። አንባቢው ይተንፍስ፤ ሰውዬውን ዳግም ይውደዳቸው። ከዚያ አራተኛው እርሻ ይምጣ።

እርቁ ማታለያ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። አያ ጥሩነህ በዚያ ማታ ከልባቸው ነው ያሉት። ልባቸውን የሚለውጥ ሌላ ነገር መምጣት አለበት፤ ወደዚያ ልሂድ።

8. ታሪካዊውን ነገር በወሬ አምጡት

ታሪኩን 1960 ዓ.ም. ላይ ያስቀመጥኩት በምክንያት ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በጎጃም ገበሬ ዘንድ መሬት ሊለካ ነው፣ ርስት ሊወሰድ ነው የሚል ሥጋት አሳደረ። ሞጣንና ቢቸናን ጨምሮ በብዙ ቦታ ሕዝቡ አመፀ፤ መንግሥትም የጦር አውሮፕላን እስከ መላክ ደረሰ። የጎጃም አንባቢ ይህን ከአያቶቹ ሰምቶታል። ስለዚህ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ስትጽፉለት የሚመጣውን ያውቃል፤ ገጸ ባሕርያቱ ግን አያውቁም። እናንተ ሳትሠሩበት የተገኘ ውጥረት ነው።

ይህን ሀብት የሚያባክነው ገጽ ሙሉ የታሪክ ማብራሪያ ነው። አዋጁ ወደ መንደሩ የሚመጣው በወሬ መሆን አለበት፣ ያውም እየተዛባ። መጀመሪያ ጨው ሊሸጥ የመጣ ነጋዴ “እህሉን ሊቆጥሩ ነው አሉ” ይላል። ቀጥሎ አንዱ ቄስ “በሬውንም” ይጨምራል። በመጨረሻ አንድ ሰው “ያረሰውን ያህል ነው ለባለርስቱ የሚጻፍለት” ይላል። ይህች የመጨረሻዋ ወሬ እውነት መሆኗ አያስፈልግም። ሦስት ልጅ ያላቸው አያ ጥሩነህ ከሰሟት ይበቃል። አራተኛውን እርሻ ያመጣችው እሷ ናት። እርቁም ውሸት ሳይሆን ይፈርሳል፤ ትልቁ ታሪክ ትንሿን ማሳ የሚነካው በዚህ በኩል ብቻ ነው። ጦርነቱን፣ አውሮፕላኑን፣ ባለሥልጣኑን አታምጡ፤ ለዚህ ልቦለድ በሩቅ የሚሰማ ድምፅ ይበቃዋል።

9. ዓረፍተ ነገሩንም አዘግዩት፣ ከዚያ ስበሩት

አካሄድ የምዕራፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ፣ ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ ቦዝ አንቀጽ፣ ማለት እንደ “አድርሰው”፣ “ጥለው” ያለ ሐሳቡን የማይዘጋ ግስ፣ እየደረደሩ እሱን ማቆየት ይቻላል። የሁለተኛውን እርሻ ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ፦

“አያ ጥሩነህ በሬዎቹን ከማሳው ጫፍ አድርሰው፣ ጅራፉን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ዕርፉን በግራ እጃቸው ደገፍ አድርገው፣ ወደ መንደሩ ዞር ብለው አይተው፣ ከድንጋዩ ወዲያ አንድ ትልም ጨመሩ።”

አራት ድርጊት ያለ ጥፋት አለፈ፤ ጥፋቱ የተቀመጠው መጨረሻ ላይ ነው። “ወደ መንደሩ ዞር ብለው አይተው” የምትለዋ ደግሞ ሰውዬው ራሳቸው የሚያደርጉትን እንደሚያውቁ በዝምታ ትናገራለች። በዝግታው ክፍል እንዲህ ያሉ ረዣዥም ዓረፍተ ነገሮች ይብዙ።

የዘር ቀን ጧቱን ከወትሮው የበለጠ አርዝሙት፤ እናት ዘሩን ስትሰፍር፣ ቁናው ላይ እፍኝ ጨምራ ስትመልስ፣ እንየው ሲወጣ ጭቃው እግሩን ሲይዘው። ብዙ ጸሐፊ ፍጻሜው ሲቃረብ መሮጥ ይጀምራል፤ መሮጥ ያለበት ከ“ተው!” በኋላ ነው። ያኔ ቦዝ አንቀጹ ሁሉ ይጥፋ፦

“እንየው ቁናውን አስቀመጠ። ‘ተው!’ አለ። አያ ጥሩነህ አልዞሩም። እጃቸው ዘሩን በተነ። ዱላው ወረደ። ጭቃው ላይ ወደቁ። የጨበጡት ጤፍ ገና ከእጃቸው አልፈሰሰም ነበር።”

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር እንደገና መርዘም መጀመሯን አስተውሉ። ፍጥነቱ ስድስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ነው፣ ከዚያ በላይ አያስፈልገውም። ሙሉው ግጭት፣ ሰው እስኪሰበሰብና እንየው ወደ በረሃው እስኪያቀና፣ ከአንድ ገጽ ተኩል ባያልፍ እመርጣለሁ።

10. ከዱላው በኋላ አታቁሙ

እዚህ ላይ የሚጨርሱ አሉ። አንባቢው ያከማቸው ስሜት ማውጫ ይፈልጋልና ጥቂት ምዕራፍ ስጡት። የእንየው እናት ወደ አያ ጥሩነህ ቤት ለልቅሶ ትሄዳለች ወይስ አትሄድም? ብትሄድ የት ትቀመጣለች? ሦስቱ ልጆች ደም መላሽ ይሆናሉ፣ ወይስ ጉማ፣ የደም ካሳ፣ ተቀብለው ይታረቃሉ? መልስ ያልተሰጠው አንድ ጥያቄ ይቅር፤ ሁለት ካለ ግን መጽሐፉ አላለቀም ይባላል።

11. ፈትሹት

ሁለት ፈተና አለኝ። አንደኛው፦ ከመካከል አንድ ምዕራፍ አውጡና ለማያውቀው ሰው የቀረውን አስነብቡት። ዱላው ያንኑ ያህል ካመመው ምዕራፉ አያስፈልግም ነበር፤ የቱንም ያህል ብታምር ትውጣ። ሁለተኛው፦ ድምፅ አውጥታችሁ ለቤተሰብ አንብቡ። ሰው ስልኩን የሚያነሣበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ምልክቱ ያረፈበትን ገጽ ለማሳጠር አትቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከሱ በፊት ያለው ምዕራፍ ምንም ክፍት ነገር ሳይተው መዘጋቱ ነው።

በቴሌግራም በየክፍሉ ለምታወጡ ደግሞ ትንሽ ልጨምር። በክፍል መውጣቱ ዝግታን አይከለክልም፤ ወጋየሁ ንጋቱ “ፍቅር እስከ መቃብርን” በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ አድማጩ ክፍል በክፍል ነው የተከተለው። ችግሩ ጸሐፊው በየክፍሉ መጨረሻ በግድ አደጋ መስቀል እንዳለበት ማሰቡ ነው። የክፍሉ ማብቂያ ጥያቄ ይሁን እንጂ አደጋ መሆን የለበትም። የእናትየዋ “ማንም” ጥሩ ማብቂያ ናት። አራቱን እርሻዎች አራት የተለያዩ ሳምንት ላይ አውጡ፣ በአንድ ሳምንት ሁለቱን አትደራርቡ። ደግሞም የዱላው ገጽ ተጽፎ ሳይቀመጥ የመጀመሪያውን ክፍል አትልቀቁ፤ አሥረኛው ሳምንት ላይ “ፍጠን እንጂ፣ መቼ ነው የሚጣሉት?” የሚል አስተያየት መዝነብ ሲጀምር ዱላውን ከቀኑ በፊት የምታነሡት እናንተ ናችሁ። ያ አስተያየት ራሱ ጥሩ ምልክት ነው። መፍራት ያለባችሁ አንባቢው መጠየቁን ሲተው ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ቁጥር 4 ተመለሱ።